ግርጌው በመጋዝ የተቆረጠውን ምስል በተመለከተ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ጤና ይስጥልኝ። ባለፈው ሰሞን የሥነ ጥበብ ሥራ ስለሚሰበስቡ ሰዎች ያወጣችሁትን ጽሑፍ አንብቤዋለሁ። ስለ ቅርጻ ቅርጽ ሙሉ ገጽ የሚሰጥ ጋዜጣ ብዙ ስለሌለ ገጹን ቆርጬ ከሥራ ጠረጴዛዬ በላይ ለጥፌዋለሁ። ጽሑፉ ደስ ብሎኛል። ፎቶው ግን እንቅልፍ ነሳኝ። ከሶፋው ጎን፣ ጥቁር ቀለም በተቀባ ብረት ላይ የቆመ ከእንጨት የተጠረበ ሰው ይታያል። ከሥሩ «ጥንታዊ የአፍሪካ ጥበብ» ብላችሁ አልፋችሁታል። የምጽፍላችሁ ስለዚያ እንጨት ነው፤ ኮንሶ ውስጥ ለሞተ ጀግና የሚቆመው ዋካ ነው።

እኔ እንጨት ጠራቢ ነኝ። ወጣት ሳለሁ ቅርጻ ቅርጽ ተምሬያለሁ፤ እስካሁንም ራስና ደረት እጠርባለሁ። የቤት ኪራዬን የሚከፍልልኝ ግን የሰው ዕቃ መጠገን ነው። እግሩ የወለቀ የጅማ በርጩማ፣ የተሰነጠቀ የመሶብ እግር፣ አፍንጫው የተላጠ ምስል፣ ሁሉም እኔ ዘንድ ይመጣል። ስለዚህ ሰብሳቢ የሚባለውን ሰው ከጋዜጣ ሳይሆን ከሱቄ ደጃፍ ነው የማውቀው።

ሰው ለምን የሰው ቅርጽ እንደሚወድ ለማወቅ ግማሽ ቀን ሱቄ ውስጥ መቀመጥ ይበቃል። ሥዕል የሚያይ ሰው ፊት ለፊት ቆሞ ያያል፤ ካልወደደው ያልፋል። ቅርጽ የሚያይ ሰው ይዞረዋል። አትንኩ ተብሎ ቢጻፍም መጀመሪያ የሚዳስሰው የራስ ቅሉን ነው፤ ከዚያ እጁ ወደ ማጅራቱ ይወርዳል። ስለ በርጩማው «ይህ ስንት ነው?» ያለኝ ሰው ወደ ምስሉ ዞሮ «ይህ ማነው?» ይለኛል። ከዋንዛ ግንድ ያወጣሁት ስም የሌለው ሽማግሌ ነው ብል አያምነኝም። «አይ፣ የሆነ ሰው ነው» ይላል። ይህ ነገር እንኳን ገዢውን እኔንም አንዳንድ ጊዜ ያስደነግጠኛል፤ አንገቱ በትክክል የተቀመጠለት ግንድ ማምሻውን በሩን ስዘጋ ያየኛል።

ገንዘብ ያለው ሰው ለዚህ ስሜት ሲከፍል የኖረ ነው። የሮም ባለጸጎች የግሪኮችን ሐውልት በእምነበረድ እያስገለበጡ ግቢያቸውን ሞልተው ነበር፤ የጥንት ግሪኮች ከነሐስ ከሠሩት ብዙው ቀልጦ ስለጠፋ ዛሬ መልኩን የምናውቀው በእነዚያ ግልባጮች ነው። በእኛ ዘመን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2007 ኒው ዮርክ ውስጥ 8 ሴንቲ ሜትር ገደማ የምትረዝም፣ የአንበሳ ራስና የሰው አካል ያላት የጥንቷ ኤላም (የዛሬዋ ኢራን) የድንጋይ ምስል ከ57 ሚሊዮን ዶላር በላይ ተሸጣለች። በኪስ ትገባለች! በ2015 ደግሞ ጂያኮሜቲ የሠራው፣ ጣቱን የሚጠቁም ቀጭን የነሐስ ሰው 141 ሚሊዮን ዶላር አወጣ። የነሐስ ሥራ ከአንድ ቅርጽ ደጋግሞ ይፈሰሳል፤ በፈረንሳይ ከ12 በላይ የፈሰሰውን ኦሪጅናል አይሉትም። እንጨት ግን አንዴ ከተጠረበ ሌላ ቅጂ የለውም። የአፍሪካ እንጨት ላይ የሰብሳቢ ዓይን ከሚያርፍባቸው ምክንያቶች አንዱ ይህ ይመስለኛል።

ይህ ዓይን የተከፈተበት ጊዜም ይታወቃል። እ.ኤ.አ. በ1907 ፒካሶ ፓሪስ ውስጥ ትሮካዴሮ በሚባለው የብሔረሰቦች ሙዚየም ገብቶ የአፍሪካ ጭምብሎችንና ምስሎችን አየ። እሱና ጓደኞቹ ያዩትን ወደ ሥራቸው አመጡት፤ ነጋዴዎች ተከተሉ። ፖል ጊዮም የተባለው የፓሪስ ነጋዴ ለአሜሪካዊው ሰብሳቢ አልበርት ባርንስ ብዙ የአፍሪካ ቅርጾችን ሸጧል፤ እነዚያ ሥራዎች ዛሬም ፊላደልፊያ ውስጥ ከሴዛንና ከማቲስ ሥዕሎች ጋር ይታያሉ። እኔን ከሁሉ የሚገርመኝ ግን ኢናጋኪ የተባለው ጃፓናዊ የእጅ ባለሙያ ነው። በዚያው ዘመን ፓሪስ ውስጥ ለእነ ጊዮም፣ ለቀራጩ ለሮዳን ሳይቀር፣ የምስል መቆሚያ ይሠራ ነበር። ከታች ማኅተሙን ያሳርፋል፤ ዛሬ ሰብሳቢዎች የእሱን መቆሚያ ሲያገኙ ምስሉ የቆየ ነው ብለው ዋጋ ይጨምራሉ። እንደኔው ያለ ባለሙያ ነውና እኮራበታለሁ። ነገር ግን ያ መቆሚያ ምን እንደሠራ ልብ በሉ። ከአንድ ሰው ቤት፣ ከአንድ ሰው መቃብር የመጣውን እንጨት ከመጣበት ነጥሎ በራሱ የቆመ «ጥበብ» አደረገው። ከዚያ በኋላ እንጨቱ መጀመሪያ የት ቆሞ እንደነበር የሚጠይቅ ጠፋ።

ወደ አገራችን ልምጣ። እኛ ደገኞቹ በሰው ቅርጽ ብዙም አላደግንም። ቤተ ክርስቲያናችን ግድግዳዋን በሥዕል ሞልታ፣ መስቀሉን ሺህ ዓይነት አድርጋ ስትቀርጽ፣ ዙሪያውን የሚታይ የሰው ምስል ግን ጣዖት እንዳይሆን ፈርታ ትታዋለች። ከክርስትና በፊት እንዲህ አልነበረም፤ አክሱም አጠገብ ሐውልቲ ከተባለው ቦታ የተገኙትን፣ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው የተቀመጡትን የድንጋይ ሴቶች ያየ ያውቃል። ከዚያ ወዲህ ክፍተቱ ረጅም ነው። አዲስ አበባም ሐውልት ስትፈልግ ባለሙያ ያመጣችው ከውጭ ነበር፤ የስድስት ኪሎውን የየካቲት 12 መታሰቢያ የሠሩት ሁለት የዩጎዝላቪያ ቀራጮች ናቸው። በዚህ የተነሳ ብዙዎቻችን ከእንጨት የተጠረበ ሰው ስናይ ሁለት ነገር ብቻ ነው የሚመጣልን፤ ወይ ጣዖት ወይ ጌጥ። ሦስተኛው አይታየንም።

ሦስተኛው ኮንሶ ነው። ከአዲስ አበባ 600 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዛችሁ፣ አርባ ምንጭን አልፋችሁ፣ በድንጋይ እርከን የታሰሩት ኮረብታዎች ሲጀምሩ ደርሳችኋል። ዩኔስኮ በ2003 ዓ.ም. የዓለም ቅርስ ብሎ ሲመዘግበው እርከኑንና በግንብ የታጠሩትን መንደሮች ብቻ አልነበረም የጠቀሰው፤ ዋካ የሚባሉትን የእንጨት ምስሎችም ነው። ዋካ የሚተከለው ለጀግና ነው። ጠላት የገደለ፣ ወይም ነብርና አንበሳ የጣለ ሰው ሲሞት ምስሉ ተጠርቦ በመቃብሩ ላይ ይቆምለታል። ብቻውን አይቆምም። መሐል ላይ እሱ፣ ከግንባሩ ከላቻው (የጀግና የግንባር ጌጥ) ወጥቶ፤ ከግራና ከቀኝ ሚስቶቹ፣ በአንገት ጌጣቸውና በጡታቸው የሚለዩ፤ ቀጥሎ የገደላቸው ጠላቶች፣ አነስ ብለው፤ አውሬ ገድሎ ከሆነ አውሬውም አለ። ከፊታቸው የሚደረደሩት ድንጋዮች ያፈራውን የእርሻ መሬት ይቆጥራሉ። ማንበብ ለማይችልም ለሚችልም የተጻፈ የሕይወት ታሪክ ነው፤ መንገደኛ ቆሞ ያነበዋል።

እንደ ባለሙያ ደግሞ አንድ ነገር ልናገር። የዋካ ጠራቢ ከአንገት በታች እንጨቱን ብዙ አይነካውም። አካሉ ግንድ እንደሆነ ይቀራል፤ ክንዱ ከደረቱ ሳይለይ በጭረት ይጠቆማል። ኃይሉን በሙሉ ፊቱ ላይ ያፈሳል። ዓይኑና ጥርሱ ከዛጎል ወይም ከአጥንት ይሰካል፤ ጥርሱ እንደተገለጠ ነው። ይህን ያህል ቆጥቦ ያን ያህል ሕይወት ማምጣት ምን ያህል ከባድ እንደሆነ የሚያውቀው መሮ የያዘ ሰው ነው። ትምህርት ቤት ጡንቻ በጡንቻ፣ ጅማት በጅማት ስንማር የቆየነውን ይህ ሰው በመጥረቢያ ዘሎት ሄዷል። ፓሪስ ቢቀመጥ ኖሮ ምን እንደሚባል አስባለሁ።

ሰብሳቢ ቢወደው አልፈርድበትም ማለት ነው። እኔም ወደድኩት፤ ኮንሶ የሄድኩትም ለእሱ ብዬ ነበር። በአንድ መንደር መግቢያ የቆሙትን ሳይ ከሚስቶቹ አንዷ የለችም። ቦታዋ ላይ ከመሬት እኩል የተቆረጠ ጉቶ ብቻ አለ። መንገድ የሚመራኝ ልጅ «ሌሊት ነው የወሰዷት» አለኝ፤ ከዚያ በላይ አልተናገረም። ጉቶውን ጎንበስ ብዬ ዳሰስኩት፤ በመጥረቢያ የተመታ አይደለም፣ በመጋዝ የተቆረጠ ነው። መጥረቢያ ድምፅ አለው፤ መጋዝ ዝም ይላል።

ከዚያ ጉዞ በኋላ አንድ ደንበኛ በፒክ አፕ ጭኖ፣ በብርድ ልብስ ጠቅልሎ አንድ ነገር ወደ ሱቄ አመጣ። ብርድ ልብሱን ሲገልጠው ግንባሩ ላይ ከላቻ ያለው ዋካ ነው።

«ጋሼ፣ ይህንን ብረት ላይ አቁምልኝ። ግርጌው እንዳይታይ ግን ላሜራውን ወደ ላይ ከፍ አድርገው።»

«ግርጌው ምን ሆነ?»

«ረጅም ስለነበር መኪና ውስጥ አልገባም ብሎ ቆረጡት።»

መኪናው ፒክ አፕ ነበር። ዋካ ከሚታየው በታች መሬት ውስጥ የሚገባ አካል አለው፤ መሬት ውስጥ የኖረ እንጨት ደግሞ ቀለሙም ሽታውም ይለያል፣ ምስጥም ይበላዋል። የዚህ ሰውዬ እንጨት ያ ክፍል የለውም፤ ከታች ጠፍጣፋና ንጹሕ ነው፣ የመጋዙ ጭረት ገና ነጣ ያለ። አልሠራም አልኩት። እኔ እንቢ ስላልኩ ብረት ሠሪ አጥቶ እንደማይቀር አውቃለሁ፤ በየሰፈሩ ብየዳ ቤት አለ። ብቻ በእኔ እጅ አይሁን አልኩ። በጋዜጣችሁ ፎቶ ላይ ያለው ብረት ከሚገባው በላይ ወደ ላይ ከፍ ማለቱን ሳይ ያ ነገር ትዝ አለኝ። ያው ምስል ነው እያልኩ አይደለም። የብረቱ ሥራ ግን የሆነ ነገር ይሸፍናል።

አሁን ወደ ዋናው ነገሬ ልግባ። ሰብሳቢ ከአሮጌ እንጨት ላይ የሚከፍለው ለምኑ እንደሆነ ጠይቄ አውቃለሁ። ለመሰንጠቁ ነው፤ ለግራጫነቱ ነው፤ ዝናብ ለስላሳውን የእንጨት ክፍል አጥቦ ጠንካራውን ቀለበት እንደ ጅማት ስላስቀረው ነው። አንዱ ጉንጭ ከሌላው በላይ የተበላ ከሆነ ይበልጥ ይወደዋል። ያ ጉንጭ እኮ ዝናብ በሚመጣበት አቅጣጫ የቆመው ነው! ለዓመታት ከአንድ መቃብር ላይ ሳይነቃነቅ ካልቆመ በቀር አንድ ወገን ብቻ አይበላም። ዋጋ የሚያወጣው ምልክት ራሱ ከመቃብር ለመነቀሉ ምስክር ነው። ከመቃብር ያልተነሳ አሮጌ ዋካ ገበያ ላይ አይገኝም፤ የሚመስል ካለም የተሠራ ነው።

የሚሠራበትንም መንገድ አውቀዋለሁ። አዲስ ተጠርቦ እርጥብ አፈር ውስጥ ወይም እበት ውስጥ ይቀበራል፣ ከዚያ ጢስ ላይ ይሰቀላል፣ የተቃጠለ የሞተር ዘይት ይቀባል፣ በበረኪና ይታጠባል። እንዲህ ያለው እንጨት ዙሪያውን እኩል ያረጃል፤ ፀሐይና ዝናብ ግን እኩል አይመቱም። ስንጥቁም ውስጡ ሲታይ ነጭ ነው። ስለዚህ «ጥንታዊ» ብሎ የገዛ ሰው ሁለት ዕድል ነው ያለው፤ ወይ ተታሏል፣ ወይ የሰው መቃብር ገዝቷል። ከሁለቱ ተታልሎ ቢሆን እመርጥለታለሁ።

ይህ ነገር የእኛ ብቻ አይደለም። ኬንያ፣ የባሕር ዳርቻው የሚጂኬንዳ ሕዝብ ለታላላቆቹ የሚያቆመው ቪጋንጎ የሚባል የእንጨት መታሰቢያ አለ፤ ከዋካ ጋር ዘመድ ይመስላል። ሞኒካ ኡድቫርዲ የምትባል አሜሪካዊት አንትሮፖሎጂስት እ.ኤ.አ. በ1985 አንድ አባወራ ለሟች ወንድሞቹ ካቆማቸው ሁለት ቪጋንጎ አጠገብ ፎቶ አንስታው ነበር። ብዙም ሳይቆይ ሁለቱም ተሰረቁ። ከዓመታት በኋላ በ1999 አንዱን አሜሪካ፣ ኢሊኖይ ውስጥ በሚገኝ ዩኒቨርሲቲ ሙዚየም ስብስብ ውስጥ አወቀችው፤ ሌላው ቨርጂኒያ፣ ሃምፕተን ዩኒቨርሲቲ ተገኘ። ያ ፎቶ ባይኖር ማን ያምናቸው ነበር? የዴንቨር የተፈጥሮና ሳይንስ ሙዚየም ደግሞ በ1990 በስጦታ ያገኛቸውን 30 ቪጋንጎ ለመመለስ በ2014 ወሰነ፤ ኬንያ የደረሱት በ2019 ነው። ከሰጪዎቹ አንዱ ታዋቂው ተዋናይ ጂን ሃክማን ነበር። በሕግ በተከፈተ ጋለሪ፣ በደረሰኝ ነው የገዟቸው። ደረሰኙ ግን ከጋለሪው ወዲህ ያለውን እንጂ ከጋለሪው ወዲያ ያለውን አይናገርም።

ይህን ስናገር ሁለት መልስ እሰማለሁ። አንደኛው፦ «እዚያ ቢቀር ምስጥ ይበላው የለ? እኛ እኮ አዳንነው» የሚል ነው። አዎ፣ ይበላዋል። ሲተከልም ታውቆ ነው የሚተከለው። ባለቤቱ ወገኑ ነው፤ ይበስብስ ካለ ይበስብስ፣ ሙዚየም ይግባ ካለ ይግባ። በኮንሶ ዋና ከተማ በካራት ባለው ሙዚየም ከሌባ እጅ የተያዙ ዋካዎች ተሰብስበው ይገኛሉ፤ እዚያ ገብቶ ላየ ሰው «አዳንነው» የሚለው ቃል ያስተዛዝባል። ባል ያለ ሚስት፣ ጠላት ያለ ገዳይ፣ ከየት እንደተነቀሉ ሳይታወቅ ተደርድረዋል። እንጨቱ ድኗል፤ ታሪኩ ግን ሜዳ ላይ ቀርቷል።

ሁለተኛው፦ «ራሳቸው ናቸው የሚሸጡት» የሚል ነው። የሚሸጥም ይኖራል። ድህነት አለ፣ አዲስ እምነት የተቀበለው ወጣትም የአያቱን ዋካ እንደ ድሮ ነገር ያየዋል። አንድ የልጅ ልጅ በሌሊት ሸጠው ማለት ግን ጎሳው ሸጠው ማለት አይደለም። በሌሊት መሆኑ ራሱ ይናገራል። ሕጉም ቢሆን ግልጽ ነው፤ የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስን ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣትን ይከለክላል። በውጭ አገር የሚኖሩ ወገኖቻችን ለዕረፍት ሲመጡ «የአገሬ ነገር» ብለው በሻንጣ ሊይዙት ሲያስቡ ይህን ቢያስታውሱ መልካም ነው።

ከእናንተ የምጠይቀው ሦስት ነገር ነው። ያን ምስል ያየ አንባቢ እንዲያውቅ ዋካ ምን እንደሆነ በአጭሩ ጻፉ። ባለቤቱ ከየት እንዳገኘው ጠይቁት፤ መልስ ከሌለው የኢትዮጵያ ቅርስ ባለሥልጣንን ቢያነጋግር ለራሱም ይቀለዋል። ዋካ ማየት ለሚፈልግ ደግሞ ስድስት ኪሎ የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ሙዚየም እንዳለ ንገሩት።

መሰብሰብ ለሚወደው ሰው ደግሞ የምለው፦ አዲሱን ግዛ። ካራት መንገድ ዳር ዋካ የሚመስሉ ትናንሽ ምስሎችን የሚጠርቡ ልጆች አሉ፤ እንጨቱ ገና ነጭ ነው፣ ሽታው አልለቀቀውም። ሰብሳቢው «የቱሪስት ዕቃ» ብሎ አፍንጫውን ይነፋል፤ ያችው ምስል እበት ውስጥ ከርማ ስትመጣ ግን አሥር እጥፍ ከፍሎ ይወስዳታል። እዚህ አዲስ አበባም ከአለ ፈለገ ሰላም የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት በየዓመቱ ቅርጻ ቅርጽ አጥንተው የሚወጡ ወጣቶች አሉ። ሥዕል የሚሠሩት ይሸጣሉ፤ እነዚህ ግን ግንዳቸውን ታቅፈው ይቀራሉ። ኮንዶሚኒየም ውስጥ ቅርጽ የት ይቀመጣል ይሉኛል። ቴሌቪዥኑ በተቀመጠበት ቁምሳጥን ላይ አንድ ራስ የሚሆን ቦታ አላጣሁም።

ስትገዙ ጠራቢው ስሙን፣ ዓመተ ምሕረቱንና የእንጨቱን ዓይነት ከግርጌው ላይ እንዲጽፍ ጠይቁ። ሞዴል ሆኖ የተቀመጠለት ሰው ካለ ማን እንደሆነም ይንገራችሁ። ከሁሉ በላይ ግን እንጨቱ መድረቁን አረጋግጡ፤ በተለይ ወይራ ከሆነ። ሳይደርቅ የተጠረበ ወይራ በመጀመሪያው በጋ ከግንባሩ እስከ አገጩ ይሰነጠቅና እኔ ዘንድ ይዛችሁት ትመጣላችሁ። ያኔ በደስታ እጠግናለሁ፤ ዋጋውንም እንነጋገራለን።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ እንጨት ጠራቢ
ከአዲስ አበባ፣ ጉለሌ